ክለቡ ለአዋቂዎች ይጠቅማል፤ ባነሩ ግን ከትምህርት ቤቱ አጥር ይውረድ

በደቡብ ለንደን፣ ልጄ በምትማርበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ የሚሰበሰብ አንድ የክብደት መቀነሻ ክለብ አለ። እኔም ባለፈው ዓመት ለ12 ሳምንታት በአባልነት ተከታትዬዋለሁ። ስለዚህ ይህ ግምገማ ሁለት ነገሮችን ይመለከታል፤ አንደኛው ክለቡ ለአዋቂ ሰው የሚሰጠው አገልግሎት ሲሆን፣ ሁለተኛው ይህን አገልግሎት ለማስተዋወቅ በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ የተሰቀለው ባነር ነው። የክለቡንም ሆነ የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቅስም፤ በእንግሊዝ አገር ብዙ እንዲህ ያሉ ክለቦች የትምህርት ቤት አዳራሽ እየተከራዩ ስለሚሰበሰቡና ማስታወቂያቸውንም እዚያው ደጃፍ ላይ ስለሚሰቅሉ፣ ጉዳዩ የአንድ ድርጅት ብቻ አይደለም።

ከአገልግሎቱ ልጀምር። ክፍያው በሳምንት ከ6 እስከ 7 ፓውንድ ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አባላት ይመጣሉ፤ ጫማቸውን አውልቀው ተራ በተራ ሚዛን ላይ ይወጣሉ፤ ቁጥሩም ጮክ ተብሎ ሳይነገር በየራሳቸው ደብተር ላይ ይጻፍላቸዋል። ከዚያ በኋላ ቀን ቀን ልጆቻችን በሚቀመጡባቸው ትንንሽ ወንበሮች ላይ ክብ ሠርተን፣ ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ እንወያያለን። ክለቡን የምትመራው ሴት ራሷ የቀድሞ አባል ናት፤ ሰውን ሳታሳፍር ታዳምጣለች። ለምሳሌ በሰጡን የምግብ ዝርዝር ውስጥ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታና ድንች ነበሩ፤ እንጀራ ግን አልነበረም። ይህን ስነግራት በሚቀጥለው ሳምንት አንድ እንጀራ ይዤ እንድመጣ ጠየቀችኝ፤ እንጀራውን በወጥ ቤት ሚዛን መዝነን ከዳቦው ጋር አነጻጸርነውና ለምሳ ምን ያህል እንደሚበቃኝ አብረን አሰላን። ወጡን እንዴት እንደምሠራ ደረጃ በደረጃ ካስረዳኋት በኋላ፣ ለእኔ ዋናው ነገር እንጀራው ሳይሆን ቁሌቱ ላይ የማፈሰው ዘይት መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ምሽት ነው። ለዓመታት እንጀራን ስወቅስ የኖርሁ ሰው በመሆኔ፣ ይህ ምክር ብቻውን ለከፈልሁት ገንዘብ በቂ ነበር።

በ12 ሳምንታት ውስጥ 4 ኪሎ ተኩል ገደማ ቀነስኩ። ይህም ከሚታወቀው የራቀ ውጤት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ እንዲህ ባለ ክለብ ለ12 ሳምንታት የተከታተሉ አዋቂዎች ከዓመት በኋላ በአማካይ 4.75 ኪሎ፣ ለ52 ሳምንታት የተከታተሉት ደግሞ 6.76 ኪሎ ቀንሰው ተገኝተዋል፤ አጭር ምክርና መጽሐፍ ብቻ የተሰጣቸው ግን 3.26 ኪሎ ነበር የቀነሱት። ልዩነቱ ተአምር የሚባል ባይሆንም የታየና የተለካ ነው፤ የእንግሊዝ የጤና አገልግሎትም አንዳንድ ታካሚዎችን ወደነዚህ ክለቦች የሚልከው ያለ ምክንያት አይደለም። አገልግሎቱን ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፤ አንዱን የነፈግሁት በዚያ ሳምንት ክብደት የጨመረ ሰው ምክንያቱን በጉባኤው ፊት እንዲያስረዳ መጠየቁ ለአንዳንድ አባላት ከባድ ሆኖ ስላየሁት ነው።

አሁን ወደ ባነሩ ልለፍ። ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል ነው፤ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከአጥሩ ብረት ጋር ታስሯል፤ የታችኛው ጠርዝ የ8 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ይደርሳል። በላዩ ላይ የአንዲት ሴት ሁለት ፎቶግራፎች አሉ። በግራ በኩል ባለው ሴትዮዋ ሰፊ ግራጫ ሹራብ ለብሳ አንገቷን ደፍታለች፤ በቀኝ በኩል ባለው ቀይ ቀሚስ ለብሳ ትስቃለች። በመካከላቸው ቀስት አለ፤ ከሥሩም በ20 ሳምንት 2 ስቶን፣ ማለትም ከ12 ኪሎ ተኩል በላይ፣ እንደቀነሰች ተጽፏል። ጠዋት በሩ እስኪከፈት ድረስ ልጆቹ የሚሰለፉት በዚሁ አጥር ሥር ስለሆነ፣ በየቀኑ ለ10 ደቂቃ ያህል ሌላ የሚያዩት ነገር የላቸውም።

ልጄ ያኔ 8 ዓመቷ ነበር፤ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ የምታነብበት ዕድሜ ነው። አንድ ጠዋት ባነሩን አንብባ ከጨረሰች በኋላ፣ «እማዬ፣ ሴትዮዋ በፊት ያዘነችው ወፍራም ስለነበረች ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ወዲያው የምመልሰው ነገር አጣሁ፤ ምክንያቱም ሥዕሉን በትክክል ነበር ያነበበችው። ባነሩን የሠሩት ሰዎች ለእኔ ለአዋቂዋ «አንቺም ትችያለሽ» ለማለት አስበው ይሆናል፤ ለልጄ የነገሯት ግን ወፍራም ሰው አዝኖ እንደሚኖር፣ ቀጭን ሰው ደግሞ እንደሚስቅ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የምሳ ዕቃዋ ሳይነካ መመለስ ጀመረ። ስጠይቃት ጭኗ ከጓደኛዋ ጭን እንደሚወፍር፣ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ጎን ለጎን አድርገው እንደለኩት ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ባነሩ አመጣው አልልም፤ ልጆች ከስልክም፣ ከቴሌቪዥንም፣ ከእኛ ከወላጆቻቸው አፍም ብዙ ይሰማሉ። እኔም በየሐሙሱ ወደዚያ አዳራሽ ስሄድ ልጄ ታየኝ ነበር። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ መካከል ትምህርት ቤቱ በገዛ አጥሩ ላይ የሚነግራት ይህ አንዱ ብቻ ነው፤ ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚነግረውን ያምናል።

በዚያው ሰሞን ስለ ክብደት መቀነሱ «እማዬ፣ እንደ ጾም ነው?» ብላም ጠይቃኛለች። ጥያቄዋን ወድጄዋለሁ፤ በእኛ ቤት ሰው ከምግብ ሲከለከል የምታውቀው በጾም ብቻ ነውና። ጾም ሁሉም አብሮ የሚጀምረውና አብሮ የሚፈታው መሆኑን፣ ማንም ሰው በጾም መጨረሻ ሚዛን ላይ እንደማይወጣ፣ ለነፍስ እንጂ ለቀሚስ ልክ ተብሎ እንደማይጾም ነገርኳት። እየሰማች ያደገችው ሰላምታም ሌላ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እናቶች አገላብጠው ስመዋት «ወፈር ብለሻል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሏት ምርቃት ነበር። ያን የምርቃት ቃል ባነሩን ካየች በኋላ እንደ ስድብ ስትሰማው ማየት ለእኔ ቀላል አልነበረም።

ስለ ደንቡ አንብቤአለሁ። የብሪታንያ የማስታወቂያ ደንብ፣ የክብደት መቀነሻ ማስታወቂያ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይነጣጠር፣ እነርሱን በተለይ የሚስብ ነገርም እንዳይዝ በግልጽ ይከለክላል። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ይህን ያህል ትቀንሳላችሁ ብሎ ለአንባቢው ቃል መግባትንም አይፈቅድም፤ አንድ ሰው የቀነሰው መጠን ሲጠቀስም ጊዜው አብሮ መገለጽ አለበት፣ በሳምንት ከ2 ፓውንድ፣ ማለትም ከ1 ኪሎ ትንሽ ካነሰ ክብደት፣ የበለጠ ከሆነም ለአብዛኛው ሰው ተገቢ ሆኖ አይታይም። ባነሩ በይዘቱ ይህን ያሟላል፤ ጊዜው ተጽፏል፣ መጠኑም ከልክ አላለፈም፣ የካርቱን ሥዕል ወይም የልጅ ፎቶግራፍም የለበትም። እኔ የማነሣው ጥያቄ ስለ ቦታው ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ልጆች በሚሰለፉበት ቦታ፣ በልጆች ዐይን ልክ የተሰቀለ ነገር ለልጆች አልተነጣጠረም ማለት እንዴት ይቻላል? ከሁሉ አስቀድሞና ደጋግሞ የሚያነብበው ማን እንደሆነ ማየት በቂ ነው።

የአካባቢው አስተዳደርም በዚህ ረገድ እጁ የታሰረ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የማስታወቂያ ቁጥጥር ደንብ መሠረት፣ አስተዳደሩ አንድን የውጭ ማስታወቂያ መከልከል የሚችለው የአካባቢውን ገጽታ ካበላሸ ወይም የሕዝብን ደኅንነት ካሰጋ ነው፤ መልእክቱ ምን እንደሚል መመዘን የእርሱ ሥልጣን አይደለም። የማስታወቂያ ደንብ አስከባሪው ይዘቱን ያያል፣ አስተዳደሩ መጠኑንና አሰቃቀሉን ያያል፤ «ይህ መልእክት በዚህ ደጃፍ ላይ ይገባል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በሁለቱ መካከል ይቀራል። ስለዚህ ውሳኔው በተግባር የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርና የክለቡ ነው።

ሌላ ቦታ ግን ስለ ቦታ ታስቦበታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የለንደን ከንቲባ ሳዲቅ ካን፣ ሰውን በሰውነቱ ቅርጽ የሚያሸማቅቁ ማስታወቂያዎች በከተማዋ የትራንስፖርት መሥመሮች ላይ እንዳይወጡ አድርገዋል፤ በ2019 ደግሞ ስብ፣ ስኳርና ጨው የበዛባቸው ምግቦች ማስታወቂያ ከባቡርና ከአውቶቡስ ተነሥቷል። የውጭ ማስታወቂያ ኩባንያዎችም እንዲህ ያሉ ምግቦችን ከትምህርት ቤት በ100 ሜትር ክልል ውስጥ ላለማስተዋወቅ በራሳቸው መመሪያ ተስማምተዋል። ስለዚህ ልጄ በርገር የሚያስጎመጅ ሥዕል ከትምህርት ቤቷ አጠገብ እንዳታይ ታስቦላታል፤ በሰውነቷ እንድታፍር የሚያደርግ ሥዕል ግን አጥሩ ላይ ታስሯል።

ከሁሉ ይልቅ የሚከነክነኝ በዚሁ አጥር ውስጥ የሚደረገው ሌላው ምዘና ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በእንግሊዝ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የቅድመ አንደኛ ክፍልና የ6ኛ ክፍል ልጆች ቁመታቸውና ክብደታቸው በመንግሥት መርሐ ግብር ይለካል። ልጁ ጫማውንና ኮቱን ብቻ አውልቆ ሌሎች ልጆች በማያዩበት ቦታ ይመዘናል፤ ቁጥሩ ለልጁም ለመምህራኑም አይነገርም፤ ውጤቱን የሚያውቁት ወላጆቹ ናቸው፤ የሚተረጎመውም እንደ አዋቂ ሳይሆን ከዕድሜውና ከጾታው ጋር ተገናዝቦ ነው። ይህን ያህል ጥንቃቄ የተደረገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ያ ጥንቃቄ በሩ ላይ ሲደርስ መቆም የለበትም።

ችግሩን አሳንሼ አላይም። በእንግሊዝ የ6ኛ ክፍል ልጆች ከ5ቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ከመጠን ያለፈ ውፍረት አለባቸው። አንዳንድ ወላጆችም «ታዲያ ማስታወቂያው ቢጠቅም እንጂ ምን ይጎዳል?» ብለውኛል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ለዚህ ጥያቄ የሚስማማ ምክር አውጥቶ ነበር፤ ሐኪሞችና ወላጆች ለወጣቶች ስለ ክብደት ከማውራትና ዳይት፣ ማለትም ክብደት ለመቀነስ ምግብን መገደብ፣ ከማበረታታት እንዲቆጠቡ፣ ይልቁንም ቤተሰብ አብሮ እንዲበላና ጤናማ ምግብ ቤት ውስጥ እንዲዘወተር መከረ። ምክንያቱም ዳይት በወጣትነት መጀመር ወደ አመጋገብ ቀውስም ሆነ ኋላ ወደ ውፍረት የሚያደርስ አጋላጭ ሁኔታ ሆኖ ስለተገኘ ነው። የዘርፉ ትላልቅ ኩባንያዎችም ከልጆች ርቀው አልቆዩም። እ.ኤ.አ. በ1963 በኒው ዮርክ የተመሠረተው ዌይት ዋቸርስ፣ በ2019 ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 17 ለሆኑ ልጆች ኩርቦ የተባለ መተግበሪያ አውጥቶ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል፤ ከዚያም ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መረጃ ያለ ወላጆች ፈቃድ ሰብስቧል ተብሎ በ2022 በአሜሪካ 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና መረጃውን እንዲያጠፋ ተስማምቷል።

ርእሰ መምህሯን አነጋግሬአለሁ። ከአዳራሹ ኪራይ የሚገኘው ገንዘብ ለመጫወቻ ሜዳው ጥገና እንደሚውል ነገረችኝ፤ አምናታለሁ፣ ሜዳው ሲታደስም አይቻለሁ። አዳራሹ ይቀማ አላልሁም። ክለቡ የሚፈልገው እኛን ወላጆችን ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ በየሳምንቱ በኢሜይል በሚልክልን መልእክት ሁለት መስመር ይበቃል፤ የሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍልና የገበያ አዳራሽ መግቢያም አለ። የግድ አጥሩ ጋር መሆን ካለበት፣ ልጆቹ ከቀኑ 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ከወጡ በኋላ፣ ሐሙስ ማታ ከ12 ሰዓት ጀምሮ የአዳራሹን አቅጣጫ ብቻ የሚያሳይ የሚታጠፍ ሰሌዳ በሩ ላይ ይቁምና 2 ሰዓት ላይ ይነሣ። ፎቶግራፎቹም፣ ኪሎውም፣ ቀስቱም ይቅሩ።

የክለቡ መሪ ሐሳቡን ስነግራት ወንበር ስባ ተቀመጠችና እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። የራሷም ልጅ የ9 ዓመት ልጅ እንደሆነች፣ ባነሩን ግን ዋናው መሥሪያ ቤት እንደሚልከውና ለማውረድ ፈቃድ መጠየቅ እንዳለባት ነገረችኝ። ጥያቄውን በጽሑፍ እንድሰጣት ስለጠየቀችኝ ሰጥቻታለሁ፤ ለርእሰ መምህሯና ለወላጆች ኮሚቴም ግልባጩን አድርሻለሁ። ባነሩ እስካሁን አልወረደም። እኔ በበኩሌ አባልነቴን ሁለት ፌርማታ አልፎ ባለ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወደሚሰበሰበው የክለቡ ሌላ ቅርንጫፍ አዛውሬአለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከልጄ ጋር በኋላ በር በኩል እንገባለን።