ሀዋሳ ላላችሁ የአይኤልትስ ተፈታኞች፦ ሊስኒንግ ያስተማሩኝን ቲቸር ላመስግንና ልጠቁማችሁ

ሀዋሳ ሆናችሁ ለአይኤልትስ፣ ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው፣ የምትዘጋጁ፣ በተለይ ሊስኒንጉ (የማዳመጥ ክፍሉ) ያስቸገራችሁ፣ ይህን አንብቡልኝ። ውጤቴ ከመጣ ወዲህ "የት ተማርሽ?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ለየሰዉ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ቲቸርንም በአደባባይ ላመስግናቸው ብዬ ነው።

ላመለከትኩበት ስኮላርሺፕ የተጠየቅኩት በእያንዳንዱ ክፍል ከ9 ቢያንስ 6.5 ነበር። ሪዲንጉም ራይቲንጉም ብዙ አላሳሰበኝም። ሊስኒንግ ግን 5.5 ላይ ችክ አለ። መጀመሪያ የተመዘገብኩበት ማሰልጠኛ ክፍሉ ጢም ብሎ ይሞላል፣ ኦዲዮው ይከፈታል፣ ከዚያ መልሱ ይነበብልናል። ቢ፣ ሲ፣ ኤ። ለምን ቢ እንደሆነ የሚነግረን አልነበረም።

ቲቸር ጋ የሄድኩት በሥራ ባልደረባዬ ጥቆማ ነው። አቶቴ አካባቢ፣ መኖሪያ ግቢያቸው ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ያስተምራሉ። ብር ከመቀበላቸው በፊት አንድ ሙሉ ፈተና አሠሩኝ። ከዚያ ወረቀቴን ይዘው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ስንት እንዳገኘሁ አልነገሩኝም፤ የት የት ላይ እንዳመለጠኝ ነው አንድ በአንድ ያሳዩኝ። "እንግሊዝኛሽ ደህና ነው። የሚያመልጥሽ የሰማሽውን ወደ አማርኛ ስትመልሺ ነው" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። "ሃፍ ፓስት ናይን" ሲባል ጭንቅላቴ ወዲያው ሦስት ሰዓት ተኩል ይለዋል። እሱን እስክገለብጥ ቀጣዩ ጥያቄ አልፏል። ፈተናው ደግሞ የሚሰማው አንዴ ብቻ ነው። 4 ክፍል፣ 40 ጥያቄ፣ 30 ደቂቃ ገደማ፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ያዘዙልኝ ነገር ቀላል ነበር፦ ስልኬ ላይ ያየሁትን ሰዓት ሳልገለብጥ እንዳለ በእንግሊዝኛ ማንበብ። ባጃጅ ውስጥም ቢሆን፣ ድምፅ አውጥቼ።

የመጀመሪያው ክፍል ላይ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ ቁጥር ትጽፋላችሁ። ስሙ ፊደል በፊደል ነው የሚነገረው፤ እዚያ ላይ ጂ እና ጄ፣ ኢ እና አይ ስንቱን ሰው ጉድ እንደሚሠሩ ያየ ያውቃል። ቲቸር ክፍለ ጊዜውን ሲጀምሩ የሰው ስምና ቁጥር በፍጥነት ይጠራሉ፣ እኛ እንጽፋለን። "ደብል ኤል" ሲባል እጃችን ሳያስብ ሁለት ኤል እስኪጽፍ ድረስ። ሰርቲንና ሰርቲም (13 እና 30) እንዲሁ፤ ጫናው መጀመሪያው ላይ ነው ወይስ መጨረሻው ላይ እያሉ በጆሯችን ያስለዩናል።

እኔን በጣም የጠቀመኝ ግን የአንዲት "ኤስ" ነገር ነው። ትንሿ ስፒከራቸው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አሰሙኝ። "ቲኬት" ብዬ ጻፍኩ። "እንደገና ስሚ" አሉኝ። አሁንም ቲኬት። እንደገና። ቲኬት። ኦዲዮውን አቁመው ጣታቸውን ጥያቄው ላይ አደረጉ፤ ከባዶ ቦታው በፊት "ቱ" (ሁለት) የሚል ቃል አለ፤ መልሱ "ቲኬትስ" ነው ማለት ነው። "ጆሮሽ ባይሰማት እንኳ ሰዋስው ይነግርሻል" አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፁ ሳይጀምር ጥያቄዎቹን አንብቤ እየጠበቅኩ ነው የማዳምጠው፦ እዚህ ቁጥር ይመጣል፣ እዚህ ቦታ ይመጣል፣ እዚህ ደግሞ ብዙ ቁጥር ነው። እውነቱን ለመናገር ውጤቴን የቀየረው ይሄ ነው።

ሌላም አለ። ተናጋሪው ማክሰኞ ብሎ ይጀምርና "ኦ፣ ሶሪ" ብሎ ሐሙስ ያደርገዋል። ቶሎ የጻፈ ተበላ ማለት ነው። መመሪያው ከሁለት ቃል አይብለጥ ካለ በሦስት ቃል የተጻፈ መልስ አይቆጠርም፣ ምንም ትክክል ቢሆን። የተሳሳተ መልስ ግን ነጥብ አያስቀንስም፤ ስለዚህ ባዶ የሚተው ተማሪ ላይ ቲቸር ይቆጣሉ። አራተኛው ክፍል፣ ሌክቸሩ፣ መሃል ላይ ፋታ ሳይሰጥ 10 ጥያቄ ይዞ ይሄዳል። እዚያ ላይ አንዱ ሲያመልጠኝ ፊቴን አይተው ያውቃሉ። "አለፈ፤ ቀጣዩን ያዢ!" ይላሉ። ፈተናው ቀን ይህ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር።

በወረቀት የምትፈተኑ መጨረሻ ላይ መልስ መገልበጫ 10 ደቂቃ አላችሁ። በኮምፒውተር ከሆነ ግን ያ የለም፤ ለማየት 2 ደቂቃ ብቻ ነው። ቲቸር ይህን ከመጀመሪያው ቀን ይጠይቁና እንደየምርጫችን ያለማምዱናል። የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድ፣ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካ አነጋገር እያቀያየሩ ያሰሙናል። አንዳንዴ ሆን ብለው በሩን ይከፍቱታል። ባጃጅ ያልፋል፣ ልጆች ይጮሃሉ፣ እኛ እናዳምጣለን። መብራት ሲጠፋም ክፍሉ አይበተንም፤ የኦዲዮውን ጽሑፍ ራሳቸው ያነቡልናል።

አዲስ አበባ ሄጄ ተፈተንኩ፣ ሊስኒንግ 7.5 መጣልኝ። ቲቸር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ሲደክምዎት እንኳ አንድም ቀን "ለዛሬ ይብቃን" ብለው አላቋረጡብንም።

ልትሄዱ ያሰባችሁ እነዚህን እወቁ። የሚያስተምሩት ሊስኒንግ ብቻ ነው፤ ለራይቲንግ ሌላ ሰው ፈልጉ፣ እሳቸውም በግልጽ ይሏችኋል። ክፍያቸው ተመጣጣኝ ነው፣ ደረጃችሁን ሳያዩ ግን አይቀበሉም። የኔን አንዷን ጓደኛ "መጀመሪያ መሠረታዊ እንግሊዝኛሽን አጠናክሪና ነይ፣ ገንዘብሽን አታባክኚ" ብለው መልሰዋታል። ማርፈድ አይወዱም። በአንድ ጊዜ የሚይዙት ጥቂት ተማሪ ስለሆነ የፈተና ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ቦታ መኖሩን ጠይቁ። ስልካቸውን በአደባባይ እንዳልለጥፍ ነግረውኛል፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።