ማርቆስ ላይ ዳርት የት አለ ላላችሁኝ

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አካባቢ ካሉት ፑል ቤቶች አንዱ ዳርት (ትንንሽ ቀስት ቁጥር ያለው ክብ ሰሌዳ ላይ የሚወረወርበት ጨዋታ) ሰቅሏል። ቤቱ ያው የምታውቁት አይነት ነው፣ ከረንቡላ አለ፣ ጆተኒ አለ፣ ሻይ አለ፣ ሽንት ቤቱን ተዉት። ሰሌዳው ግን የምር ነው ባካችሁ፣ የቃጫው ነው እንጂ ያ ርካሹ የወረቀት አይደለም፣ ቀስቱን ስትነቅሉት ቀዳዳው መልሶ ይገጥማል። አሰቃቀሉም ልክ ነው፣ መሀሉ ከወለሉ 1.73 ሜትር፣ መወርወሪያው መስመር 2.37 ሜትር፣ በሜትር ለክቼ ነው የምላችሁ (ባለቤቱ ስቆብኛል)።

ህጉ ተሸናፊ ይከፍላል ነው፣ ስለዚህ እጅህ እምቢ ባለ ቀንም ማሸነፍ አለብህ፣ በተለይ ጠዋት የማርቆስ ብርድ ጣት ሲያደነዝዝ። እዛ ያለው ልጅ ሁሉ 20 ላይ ነው የሚወረውረው፣ ትሪፕሉ (ሶስት እጥፍ የሚቆጠርበት ጠባቡ ቀለበት) 60 ነዋ፣ ግን የ20 ጎረቤቶች 5 እና 1 ናቸው፣ ያልሞቀ እጅ ይዘህ ከሄድክ በሶስት ቀስት 7 አግኝተህ ትመለሳለህ። እኔ እንደዛ ሲሆንብኝ ወደ ግራ ወደ 14 ነው የማዞረው፣ ብስት 11 ወይ 9 ነው፣ ማንም አያጨበጭብልህም ግን ከ501ዱ ላይ ይቀነሳል (ጨዋታው ከ501 ተነስቶ ዜሮ ላይ መድረስ ነው)። ዋናው ጣጣ ደሞ መዝጊያው ነው፣ በደብል (ዳር ላይ ባለው ሁለት እጥፍ በሚቆጠርበት ቀለበት) ካልሆነ አይዘጋም፣ ሲፎክር የነበረው ሁሉ እዛ ጋ ነው ላብ የሚያጠምቀው። 32 አስቀሩ፣ ደብል 16 ስታችሁ ውስጡን (እጥፍ የሌለውን 16) ብትመቱ 16 ይቀራል፣ ደብል 8 ትሞክራላችሁ፣ እሱም ውስጡን ከነካ 8፣ ከዛ 4፣ ከዛ 2፣ ሁሌም ደብል አለ። 38 ያስቀረ ሰው ግን ውስጡን 19 ቢመታ ጎዶሎ ቁጥር ላይ ይቀመጣል፣ እሱን ለማስተካከል ሌላ ቀስት ያባክናል፣ ያኔ አንተ ትደርሳለህ።

የሚያስቀይመኝ ቀስቶቹ ናቸው፣ የግማሾቹ የኋላ ክንፍ ተቀዷል፣ አየር ላይ ይወዛወዛሉ፣ የራሳችሁ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። 20ዋም በጣም ተበልታለች፣ የቁጥሩ ቀለበት ተነቅሎ ሰሌዳው ቢዞር ሌላው ቦታ ይሰራ ነበር፣ ባለቤቱን ጋሼን ነግሬያቸው እሺ ብለዋል ግን እስካሁን አልዞረም። ሂሳቡ ከፑሉ ይቀላል። ፕሪምየር ሊግ ባለበት ሰዓት ግን አትሂዱ፣ ቲቪው ከሰሌዳው ጎን ስለሆነ ጎል በገባ ቁጥር መስመሩ ላይ ሰው ይዘላል።