ኮሌጅ ፉትቦል 25፦ ኳስ ይዘው የማይሮጡት አምስቱ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የጌም ቤቶች በአንደኛው፣ ከተለመደው የእግር ኳስ ጨዋታ ጎን ለጎን «ኮሌጅ ፉትቦል 25» የተባለው የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ይገኛል። ጨዋታው በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ስለማይሠራ ፕሌይስቴሽን 5 የሌለው ቤት ሊያቀርበው አይችልም። ስፖርቱን ከመሠረቱ ለመረዳት ለሚፈልግ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላገኘሁም፤ በተለይም እጅግ የማከብራቸውን የማጥቃት መስመር ተጫዋቾች የኮሌጅ ዘመን ከምልመላ እስከ ስንብት ለመከታተል ያስችላልና።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ሲወጣ ከእርሱ በፊት የነበረው እትም ከታተመ 11 ዓመት ሆኖት ነበር። የተቋረጠበት ምክንያት የተማሪ ተጫዋቾች ገጽታ ያለ ክፍያ ጥቅም ላይ መዋሉ ያስነሳው ሙግት ነው፤ የቀድሞው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኤድ ኦባነን እ.ኤ.አ. በ2009 ክስ መሥርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ተማሪዎች በስማቸውና በምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ ሲፈቀድ መንገዱ ተከፈተ፤ ለመካተት ለተስማሙት ከ10,000 በላይ ተጫዋቾችም ለእያንዳንዳቸው 600 ዶላርና አንድ የጨዋታው ቅጂ ተሰጣቸው። ስሙን ሁሉ የሚያውቀው ኳስ ወርዋሪ፣ ኳርተርባክም ሆነ ማንም የማያውቀው የመስመር ተጫዋች በዚህ ክፍያ እኩል መሆናቸው ያስደሰተኝ ጉዳይ ነው።

ስፖርቱን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህል፣ ወደ ፊት መግፋት አለበት። ከአሥራ አንዱ አጥቂዎች አምስቱ ከፊት ይሰለፋሉ፤ መካከል ላይ ኳሱን በእግሮቹ መሐል ወደ ኋላ የሚያቀብለው ሴንተር፣ በግራና በቀኙ ሁለቱ ጋርዶች፣ ከእነርሱ ቀጥሎ ዳር ላይ ሁለቱ ታክሎች ይቆማሉ። በተለመደው አሰላለፍ ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ እንዲቀበሉ ሕጉ አይፈቅድላቸውም። ሥራቸው ኳስ ወርዋሪውን ኳርተርባክ ከሚያሳድዱት ተከላካዮች መሸፈንና ኳስ ይዞ ለሚሮጠው መንገድ መክፈት ነው። ኳርተርባኩ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ከሆነ ለመወርወር ሲዘጋጅ የግራ ጎኑና ጀርባው ይጋለጣሉ፤ ያንን የማያየውን ወገን የሚጠብቅለት የግራው ታክል ነው። በወሎ መንዙማ የአውራጁ ድምፅ አምሮ የሚሰማው ተቀባዮቹ ዜማውን ሳያዛንፉ ስለሚይዙለት እንደሆነ ሁሉ፣ የኳርተርባኩም ዝና የቆመው በእነዚህ ሰዎች ሥራ ላይ ነው።

የጨዋታው ትልቁ ጉድለትም እዚህ ላይ ይታያል። አንድ ተጫዋች ፈጥሮ የኮሌጅ ሕይወቱን መምራት የሚያስችለው «ሮድ ቱ ግሎሪ» የተባለው ክፍል ለምርጫ የሚያቀርበው ኳርተርባክን፣ ኳስ ይዞ ሯጭን፣ ኳስ ተቀባይን፣ እንዲሁም ከተከላካዮች የመሐል ላይንባከርንና ኮርነርባክን ብቻ ነው። ሴንተር፣ ጋርድ ወይም ታክል ሆኖ መኖር አይቻልም። በሽፋኑ ላይ ከወጡት ሦስት ወጣቶች መካከልም የመስመር ተጫዋች የለም። መጋፋትና መሸፈን በጆይስቲክ አጓጊ ላይሆን ይችላል የሚለውን ስጋት እረዳለሁ፤ ሆኖም እግርን በትክክል ማስቀመጥ፣ ተቃዋሚው የሚመጣበትን አቅጣጫ ቀድሞ ማንበብና እጅን በሕጉ ልክ መጠቀም ለተጫዋች በቂ ፈተና ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጉድለቱን በከፊል የሚክሰው «ዳይናስቲ» የተባለው ክፍል ነው። እዚህ ላይ ተጫዋቹ ከ134 ዩኒቨርሲቲዎች የአንዱ አሰልጣኝ ሆኖ እስከ 30 የውድድር ዘመን ይመራል። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚመጡት ልጆች ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ተሰጥቷቸው ይቀርባሉ። አሰልጣኙ አንድ ታክል ካስፈረመ በኋላ የመጀመሪያውን ዓመት ሬድሸርት አድርጎ፣ ማለትም ዓመቱ ሳይቆጠርበት ከውድድር አስቀርቶ፣ ሊያቆየው ይችላል። በእውነተኛው ሕግ አንድ ተማሪ በአምስት ዓመት ውስጥ አራት የውድድር ዘመን ይጫወታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ እስከ አራት ግጥሚያ ቢሰለፍም ያ ዓመት አይቆጠርበትም። ይህ ሥርዓት ለመስመር ተጫዋች እጅግ ይስማማዋል፤ 136 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን፣ ነገር ግን ፈጣን እግር ያለው አካል በአንድ ክረምት አይገነባም። ዝም ብሎ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የቆየው ልጅ በሦስተኛው ዓመት ቦታውን ሲረከብ፣ በአራተኛው ደግሞ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ኤንኤፍኤል ሲያቀና ማየት ጨዋታው ከሰጠኝ ደስታ ሁሉ የላቀው ነው።

ይህ ጉዞ ከእውነታው የራቀ አይደለም። የዊስኮንሲኑ ታክል ጆ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ2006 ለመስመር ተጫዋቾች የሚሰጠውን የአውትላንድ ዋንጫ ወስዶ፣ በቀጣዩ ዓመት ኤንኤፍኤል አዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጥበት ሥነ ሥርዓት በሦስተኛነት ተመርጦ ወደ ክሊቭላንድ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 እስኪጎዳ ድረስም ሴንተሩ ኳሱን ወደ ኋላ በማቀበል ከሚያስጀምራቸው የቡድኑ የማጥቃት ሙከራዎች 10,363 ተከታታዮቹን አንድም ሳያመልጠው ተጫውቷል። ከፍተኛው የኮሌጅ ሽልማት ሄይስማን ግን እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ሲሰጥ ለማጥቃት መስመር ተጫዋች ደርሶ አያውቅም። የኦሃዮ ስቴቱ ጆን ሂክስ እ.ኤ.አ. በ1973 ሁለተኛ ሆኖ መጨረሱ ከሁሉ የቀረበው ነው።

ድምፁ በጣም ጥሩ ነው። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚደረገውን የተማሪዎች ውድድር የለመደ ሰው፣ የሚሺጋን ስታዲየም ከ107,000 በላይ ተመልካች እንደሚይዝ ሲሰማ መገረሙ አይቀርም። በእንግዳ ሜዳ ጩኸቱ ሲበረታ ስክሪኑ ይንቀጠቀጣል፣ ተጫዋቾቹ የሚሄዱበትን መንገድ የሚያሳዩት የአጨዋወት ሥዕሎችም ይዛባሉ። የመስመር ተጫዋቾች በእውነቱ ሜዳ ላይ የኳርተርባኩን ጥሪ መስማት ተስኗቸው ቀድመው ሲነቃነቁ 5 ያርድ የሚቀጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

የጨዋታው ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ በመሆኑና ስያሜዎቹ ስለሚበዙ ጀማሪ መጀመሪያ ላይ ይከብደዋል፤ አንድ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ቢኖር ይመረጣል። በጌም ቤት ዳይናስቲን ለመጀመር የሚያስብ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሮ በራሱ ስም መለያ ማስከፈት ይኖርበታል፤ ማሽኑን ብዙ ሰው ስለሚጠቀምበት፣ አምስት የውድድር ዘመን የተለፋበት መስመር በሌላ ተጫዋች እጅ ሊጠፋ ይችላል።