ራይዘን 5600ጂ ወይስ ኮር አይ3 ከነካርዱ?

የመጀመሪያ ኮምፒውተሬን ልገጣጥም ስነሳ ሁለት ምርጫ ነበረኝ። አንደኛው ራይዘን 5 5600ጂ የሚባል ፕሮሰሰር ነው። ስክሪን ላይ ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ አብሮት ስላለ ሌላ ግራፊክስ ካርድ አይፈልግም። ሁለተኛው ኮር አይ3 12100ኤፍ የሚባለው ፕሮሰሰር ነው። መጨረሻው ላይ «ኤፍ» ካያችሁ ያለ ካርድ ስክሪኑ ላይ ምንም አይመጣም ማለት ነው። ስለዚህ ያገለገለ አርኤክስ 580 ካርድ ልጨምርበት አሰብኩ።

ለጌም ሁለተኛው ይበልጣል፣ ክርክር የለውም። ግን ካርዱ ብቻውን እስከ 185 ዋት ይበላል። ራይዘኑ 65 ዋት ነው። ጅማ ላይ መብራት እልም ሲል ልዩነቱ ይታያል፤ ትንሽዬ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የምታቆይ) ራይዘኑን ይዛ ፋይል ሴቭ እስካደርግ ትቆያለች።

ደግሞ ያገለገለ ካርድ ዋስትና የለውም። ሂርማታ አካባቢ አንዱን አገኘሁና ፋኑን በጣቴ አዞርኩት። ቂጭ ቂጭ አለ። አመስግኜ ወጣሁ።

ራይዘኑን ወሰድኩ። ራም ስትገዙ ግን አንድ ባለ 16 ጊጋ ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ይሁን። ግራፊክሱ የሚጠቀመው ያንኑ ራም ነው፤ በአንዱ ብቻ ከሆነ ይንቀራፈፋል። ማዘርቦርዱና ፓወር ሰፕላዩ ኋላ ካርድ ቢጨመር ይችላሉ። ካርዱን መግዛት ለቡናው ሰሞን አቆይቼዋለሁ።