ከአረብኛ ወደ አማርኛ፦ ፎርማት ሳይደረግ ቋንቋው የተቀየረ ላፕቶፕ፣ ከወራት በኋላ

ከውጭ የመጣ ላፕቶፕ አረብኛ ወይም ጀርመንኛ ሆኖ ሲገኝ፣ ብዙ ጥገና ቤት የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ "ፎርማት ይደረግ።" እኔ በዚህ አልስማማም። ቋንቋ ለመቀየር ተብሎ የሰው ፋይል መጥፋት የለበትም። ይህን የምለው ለወራት ሠርቼበት ስላየሁት ነው።

ላፕቶፑን ታላቅ እህቴ ከቤሩት ይዛው መጣች። ዊንዶውስ 11 ሆም ነው፤ ከላይ እስከ ታች አረብኛ። ልዩነቱ የፊደል ብቻ አይደለም። ገጹ በሙሉ ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል። መስኮት የምንዘጋበት የኤክስ ምልክት እንኳ ግራ ጥግ ላይ ነው። ውስጡ የእህቴ የስደት ዓመታት ፎቶዎች አሉ። ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበራቸውም። እኔ ደግሞ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ጽሑፍ ቤት ነው የምሠራው፤ አቤቱታና መልስ ስጽፍ እውላለሁ። ለዚህ ሥራ ማሽኑ ያስፈልገኝ ነበር። ፎቶዎቹ ግን ለድርድር አይቀርቡም።

መጀመሪያ ሁሉንም ፎቶ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ። ቋንቋ መቀየር ፋይል ስለሚያጠፋ አይደለም፤ የእህቴ ልብ እንዲያርፍ ነው። ከዚያ የዊንዶውስን ቁልፍና የእንግሊዝኛውን "I" ፊደል አብሮ መጫን ነው፤ ሴቲንግ ይከፈታል። አረብኛ ማንበብ የማይችል ሰው የሰዓት ምልክት ያለበትን መስመር ይፈልግ። የቋንቋው ገጽ እዚያ ውስጥ ነው። ቋንቋ ለመጨመር ስትጫኑ በሚመጣው ዝርዝር እያንዳንዱ ቋንቋ በራሱ ፊደል ተጽፏል። አማርኛም "አማርኛ" ተብሎ አለ። ስለዚህ አትጠፉም።

ቅደም ተከተሉን ግን ልብ በሉ። የዊንዶውስ አማርኛ ሙሉ ትርጉም አይደለም። የአሜሪካ እንግሊዝኛን መሠረት አድርጎ ከላዩ ላይ የሚነጠፍ ነው፤ ያልተተረጎመው ቦታ በእንግሊዝኛ ይታያል። ስለዚህ እንግሊዝኛውን መጀመሪያ፣ አማርኛውን ቀጥሎ ጫኑ። ከኢንተርኔት ስለሚወርድ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ይሻላል። ሲያልቅ አማርኛውን የማሳያ ቋንቋ አድርጎ መርጦ፣ ሳይን አውት አድርጎ (ከአካውንቱ ወጥቶ) መልሶ መግባት ነው፤ በቃ። የሱቅ ታፔላ ሲቀየር ዕቃው ከመደርደሪያው እንደማይነሳ ሁሉ፣ ፎቶዎቹም ከቦታቸው አልተነቃነቁም። በአረብኛ ስም የተቀመጡትም ስማቸውን እንደያዙ ናቸው። "ሰነዶች"፣ "ሥዕሎች" የሚባሉት ፎልደሮች ግን በአዲሱ ቋንቋ ስም ብቅ ሲሉ አትደንግጡ። የሚለወጠው የሚታየው ስም ነው፤ ከሥሩ ያለው ፎልደር ያው የድሮው ነው።

ቋንቋው ተቀይሮም የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ገጽ አረብኛ ሆኖ ሊቀር ይችላል። እሱ ለብቻው ነው የሚስተካከለው። በዚያው የቋንቋ ገጽ በኩል ወደ አስተዳደራዊ የቋንቋ ቅንብር ገብቶ፣ የራስን ቅንብር ወደ መግቢያው ገጽና ወደ አዲስ ተጠቃሚዎች መገልበጥ ነው።

ለእኔ ሥራ ትልቁ ጥቅም ያልጠበቅኩት ነበር። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ኒያላ የሚባለው የግዕዝ ፎንት አብሮ ተጭኖ አይመጣም፤ አማርኛ ሲጨመር ነው የሚከተለው። በኒያላ የተጻፈ አቤቱታ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት በሌላ ፎንት ይተካል። መስመሩ ይገፋል፣ ፊርማው ወደ ሌላ ገጽ ያመልጣል። አሁን ይህ ጣጣ የለብኝም። በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ዛሬ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ) ሳይሆን በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። የእነሱ ፎንት ካልተጫነ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነው ይከፈታሉ። ቋንቋ መቀየር እነሱን አያድናቸውም።

አማርኛውን በየቀኑ ስጠቀምበት እንዴት ነው? ለእህቴ ግሩም ነው። እንግሊዝኛ ብዙም አታነብም። ፋይል ልትሰርዝ ስትል የሚመጣውን ጥያቄ አሁን ራሷ አንብባ ትመልሳለች፤ እኔን አትጠራኝም። ለዚህ ብቻ እንኳ ድካሙ ይገባዋል። ለራሴ ግን እንግሊዝኛውን መርጫለሁ። ችግር ሲገጥመኝ ስልክ የምደውልለት ልጅ "እዚህ ግባ፣ ይሄን ንካ" የሚለኝ በእንግሊዝኛው ነው። ደግነቱ የሚታየው ቋንቋ ለየተጠቃሚው ስለሆነ ሁለት አካውንት ከፍተን በአንድ ማሽን ተስማምተናል። የአረብኛውን ኪቦርድ አላጠፋሁትም፤ እህቴ ቤሩት ላሉ ጓደኞቿ ትጽፍበታለች። ብራውዘርና ዎርድ የራሳቸው የቋንቋ ቅንብር አላቸው፤ እነሱን ለየብቻ ማስተካከል ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ ከመርካቶም ሆነ ከፒያሳ ልትገዙ ከሆነ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት ሴቲንግ ከፍታችሁ ስለ ማሽኑ የሚገልጸውን ገጽ እዩ። ዊንዶውሱ "ሆም ሲንግል ላንጉዌጅ" ከሆነ ፈቃዱ ለአንድ የማሳያ ቋንቋ ብቻ ነው፤ እኔ ያደረግኩት በእሱ ላይ አይሠራም። ያኔም ቢሆን ፈቃዱን "ፕሮ" ወደሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት ማሳደግ ፋይል አያጠፋም፤ ግን ተጨማሪ ወጪ አለው። ዋጋ ስትከራከሩ እሱንም አስገቡት።