ስለ ገንዘብ ጫና የሚያማክር የስልክ አገልግሎት፦ ከእህቴ ጋር ደውለን ያየነው

ታላቅ እህቴ ለዓመታት ሠርታ የራሷን ደመወዝ በእጇ ይዛ አታውቅም ነበር። የኤቲኤም ካርዷ የሚውለው በባለቤቷ ኪስ ነው፤ ለአስቤዛ የሚሰጣትን ገንዘብ በደረሰኝ ታወራርዳለች፤ ደረሰኝ የጎደለ ቀን የሚነሣውን ጭቅጭቅ ደግሞ ልጆቹ ሳይቀሩ ያውቁታል። ይህ ኢኮኖሚያዊ ጥቃት እንደሚባል የተረዳነው በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ ወደሚሠራ አንድ የምክር አገልግሎት ከደወልን በኋላ ስለሆነ፣ ያየነውን በእሷ ፈቃድ እጽፋለሁ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው አጀማመሩን ነው። አማካሪዋ ስሟን እንኳ ሳትጠይቅ፣ «አሁን የሚያወሩበትን ስልክ ሌላ ሰው ይከፍተዋል?» አለቻት። ቀጥላም «ነገ ጠዋት ለራስዎ ጫማ መግዛት ቢያስፈልግዎ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?» ስትላት፣ እትዬ ብዙ ዝም ብላ ቆይታ «የእሱን ፊት አያለሁ» አለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ይህን ስሰማ፣ ስንት ጊዜ «ቆጣቢ ነው እኮ» እያልኩ እንዳጽናናኋት ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። የገንዘብ ችግር ባለበት ቤት ሁለቱም ያለውንም የሌለውንም ያውቃሉ፤ ጥቃት ባለበት ቤት ግን ገንዘብ ቢትረፈረፍም አንደኛዋ ሁልጊዜ አስፈቃጅ ናት። የቀረቡላት ጥያቄዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ባለ 28 ነጥብ የኢኮኖሚያዊ ጥቃት መለኪያ እንደሚያደርገው፣ ገንዘቧን መቆጣጠርንና እሷን መበዝበዝን ለየብቻ የሚመለከቱ ነበሩ። የደቡብ አፍሪካ የ1998 እና የህንድ የ2005 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) የቤት ውስጥ ጥቃት ሕጎችም ይህን ድርጊት በስሙ ጠርተው ጥቃት እንደሆነ ደንግገዋል፤ ስለዚህ የምትናገረው የባልና ሚስት ገበና ብቻ አልነበረም።

ሁለተኛው ጠቃሚ ነገር አንድ ወረቀት ነው። በስሟ ያሉትን ዕዳዎች በሙሉ በሦስት ረድፍ እንድትጽፍ ተነገራት፦ ወዳ የፈረመችው፣ ተገድዳ የፈረመችው፣ ሳታውቀው በስሟ የተወሰደው። ሦስተኛው ረድፍ ባዶ ይሆናል ብላ ነበር፤ ሆኖም ከባንኩ የብድር መረጃዋን ስትጠይቅ የማታውቀው ብድር ተገኘ። ካርዷን በድንገት እንዳትቀማውም አጥብቀው አስጠነቀቋት፤ ቁጥጥሩ የሚያመልጠው ሲመስለው የከፋ አደጋ ሊያደርስ ይችላልና። ይልቁንም የመታወቂያዋንና የውሎቿን ቅጂ ከቤት ውጭ እንድታስቀምጥ፣ በሌላ ባንክ ሂሳብ ከፍታ መልእክቱ እሱ በማያየው ቁጥር እንዲመጣላት እንድታደርግ፣ ደመወዟን የምታዞርበትን ቀን ግን ራሷ እንድትወስን መከሯት። የቀኑን ምርጫ ለእሷ መተዋቸው ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ያስቆጣኝም አለ። በሌላ ቀን ስልኩን ያነሣችው አማካሪ የወር ወጪ ማቀጃ ቅጽ ሰጥታ አሰናበተቻት። ገንዘቧን የማትይዝ ሴት ምኑን ታቅዳለች? ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ ስልኳ እንደማያስተማምን ገና በመጀመሪያው ቀን ተመዝግቦ ሳለ የቀጠሮ ማስታወሻ በአጭር መልእክት መላካቸው ነው። ዕድል ሆኖ እትዬ ቀድማ አይታ አጠፋችው፤ እሱ ቀድሞ ቢያየው ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ጥፋቱን ስንነግራቸው ይቅርታ ጠይቀው ቁጥሩን ከመዝገባቸው ሰርዘዋል።

ከእነዚህ ጉድለቶቹ ጋርም ቢሆን ደውሉ እላለሁ፤ ግን ከሌላ ሰው ስልክ ይሁን፣ መልእክት እንዳይልኩም በየጥሪው ደጋግማችሁ ንገሩ፣ ስለ ቁጠባ ብቻ የሚያወራ አማካሪ ከገጠማችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ። የእትዬ ደመወዝ አሁን በራሷ ሂሳብ ይገባል። የሦስተኛው ረድፍ ብድር ገና አልተፈታም፤ ፊርማው የእሷ አለመሆኑን የሚገልጸውን ማመልከቻ ከአገልግሎቱ የሕግ ባለሙያ ጋር አዘጋጅታ ለባንኩ አስገብታለች፣ መልሱንም እየጠበቅን ነው።