የኤድመንተኑ የቅዱስ ልብ ቤተ ክርስቲያን፦ ለሚሄድ ሰው ማወቅ የሚበጀው

ካናዳ ውስጥ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት አምልኮ ከመጀመራቸው በፊት ምድሩ የየትኛው ነባር ሕዝብ እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ያነባሉ። አብዛኛውን ጊዜ ንባቡ በጥድፊያ ያልቃል፣ የሕዝቡ ስም ይሳሳታል፣ ከዚያ ሁሉም እንደ ወትሮው ይቀጥላል። ኤድመንተን 96ኛው ጎዳና ላይ ያለው የቅዱስ ልብ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አክብሮቱን ቅዳሴው ውስጥ አስገብቶታል። በከተማዋ ለሚኖር ወይም ለሚያልፍ አበሻ ሁሉ ሄደህ እይ የምንለው ለዚህ ነው።

ደብሩ ከ1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የካናዳ ነባር ሕዝቦች የሆኑት የፈርስት ኔሽንስ፣ የሜቲና የኢኑይት ሕዝቦች ደብር ነው። በ2020 እሳት ጎድቶት በጁላይ 2022 ታድሶ ተከፈተ፤ በዚያው ወር በ25ኛው ቀን ፖፕ ፍራንሲስ መጡ። በዕለቱ ጠዋት ከኤድመንተን በስተደቡብ ባለው የክሪ ሕዝብ መኖሪያ ማስክዋሲስ ላይ ስለ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይቅርታ ጠይቀው ነበር። ከ150,000 በላይ የነባር ሕዝቦች ሕፃናት በገቡባቸው በእነዚያ ትምህርት ቤቶች፣ አብዛኞቹን ካቶሊኮች ያስተዳድሯቸው ነበር፣ ልጆቹ በቋንቋቸው ሲናገሩ ይቀጡ ነበር። ዛሬ እዚህ በክሪ ቋንቋ ሲዘመርና ከበሮ ሲመታ ይህን ይዞ መስማት ያስፈልጋል።

ከመሠዊያው በላይ የቲፒ፣ ማለትም የሜዳው ሕዝቦች ድንኳን፣ ረጃጅም ምሰሶዎች ጫፋቸው ተገናኝቶ ቆመዋል። ሌላው ዋና ነገር ጭሱ ነው። ሴጅ የሚባል መዓዛማ ተክል የደረቀ ቅጠል በዛጎል ወይም በሸክላ ዕቃ ላይ ይለኮሳል፣ ነበልባሉ ይጠፋና ፍሙ ብቻ ይጨሳል፣ በላባ ይራገባል። ተራው ሲደርስ ጭሱን በሁለት እጅ አቅፎ ወደ ራስ፣ ወደ ዓይን፣ ወደ አፍ፣ ወደ ልብ መሳብ ነው። ማዕጠንት ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። አስም ያለበት ወይም የማይፈልግ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ዝቅ ቢያደርግ ይበቃል፤ ማንም አይቀየምም። ፎቶ ግን ሳያስፈቅዱ እንዳያነሱ፤ በተለይ በጭሱ ሰዓት ስልክ ኪስ ውስጥ ይቆይ።

ፖፑ የባረኩትን የቅድስት ካቴሪ ተካክዊታን ሐውልትም ሳያዩ አይውጡ። በ2012 ቅድስናዋ የታወጀላት ከነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የሞሃውክ ሕዝብ ተወላጅ ናት።

ይህን አይተው በራሳቸው ደብር ሊያደርጉት የሚያስቡ ካሉ፣ የሚበላሸው መጀመሪያው ላይ ነው። ሴጁን ከሱቅ ገዝቶ ራስን አጫሽ ማድረግ አክብሮትን ያፈርሰዋል። የአካባቢውን ነባር ሕዝብ ሽማግሌ ቀድሞ ሄዶ መጠየቅ ይገባል፤ በሜዳው ሕዝቦች ዘንድ ጥያቄው ከትንሽ ትምባሆ ጋር ይቀርባል፣ ሽማግሌው ትምባሆውን ከተቀበሉ ጥያቄውንም ተቀብለዋል ማለት ነው። ለድካማቸው የሚከፈለውን ገንዘብና መጓጓዣውን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው፤ ለሰባኪ እንግዳ የሚደረገው ለእሳቸውም ይገባል። የጭስ ማንቂያውን ጉዳይ ከሕንፃው ኃላፊ ጋር ቀድሞ መጨረስ ያሻል። አመዱም ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይገባም። ፍሙ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ እሳት በማይነካው ዕቃ ውስጥ ቆይቶ፣ ደጅ ወጥቶ ባዶ አፈር ላይ ይደፋል።